የብርቄና የዘነበች መዝገብ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ስንት ስም አላችሁ? አንድ ብቻ እንዳትሉኝ። እናት ያወጣችው አለ፣ ቄሱ ክርስትና ሲያነሱ የሰጡት አለ፣ የሰፈር ልጆች የለጠፉትም አለ። ሰው በአንድ ስም ተወልዶ በአንድ ስም የሚቀበር ይመስላችኋል? እኔ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ነው። የምኖረው ደብረ ታቦር ነው፤ እንጀራዬ ደግሞ ፕሮግራም መጻፍ። እናቴን «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ካሏት «ኮምፒውተር ይጠግናል» ትላለች። አስረድቼ አስረድቼ ትቼዋለሁ። እናንተን ግን ልሞክራችሁ።

ፕሮግራም ስጽፍ ሰውን እንደ ሰው ነው የማስበው፤ ስም ያለው፣ አባት ያለው፣ መሬት ያለው። ይህን ንድፍ ክላስ እንለዋለን። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው ግን በሰንጠረዥ ነው፤ ረድፍና ዓምድ፣ ልክ እንደ ድሮው የቀበሌ መዝገብ። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ሌላ ዝግጁ ፕሮግራም አለ፤ ላይብረሪ ይባላል። «ይህ ክላስ በዚያ ሰንጠረዥ ይቀመጥ፣ ስሙ በዚያች ዓምድ ይግባ» ብለን አስቀድመን እንነግረዋለን። ይህ ማፒንግ ነው። ላይብረሪው እንደ ጥሩ ሽማግሌ የተባለውን ያደርሳል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ስህተት ከነገራችሁትም ስህተታችሁን በታማኝነት ያደርስላችኋል።

አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ የድሮውን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር አስገባልን አለኝ። ማፒንጉን በአንድ ቀን ጨረስኩት። በተማርኩባቸው የፈረንጅ ምሳሌዎች ላይ ሰው ሁሉ አንድ የራስ ስምና አንድ የቤተሰብ ስም ነው ያለው። እኔ ብልጥ ነኝና የቤተሰቡን በአባት ስም ተካሁት። አገሩን የሚያውቅ ባለሙያ ብዬ ራሴን አሞገስኩ። ከዚያ መዝገቡንና መታወቂያውን በስም እንዲያገናኝ አዘዝኩት፤ ስሙ ከተመሳሰለ አንድ ሰው፣ ካልተመሳሰለ ሁለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

አንድ ቀን ጠዋት «ና፣ ሲስተምህ ሰው በላ» ብለው ደወሉልኝ። ስደርስ ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ ሴት ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ከጉና ተራራ ሥር ነው የመጡት። የባላቸውን ተዝካር አውጥተው፣ አብረው ሲያርሱት የኖሩትን የገብስ መሬት በስማቸው ሊያዞሩ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ዘነበች መሬት የላትም ይላል። መሬቱ ላይ የተመዘገበችው ሚስት ብርቄ ትባላለች፤ ብርቄ ደግሞ መታወቂያ የላትም። የባላቸው ወንድም ይህን ሰምቶ ቀድሞ አመልክቷል፦ ወንድሜ ሞቷል፣ ብርቄ የምትባል ሴት አላውቅም፣ መሬቱ ለእኔ ይገባል። ውሳኔው ለሰኞ ተቀጥሯል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ?

«ብርቄ ማን ናት?» አልኳቸው።

«እኔ ነኛ!»

«ዘነበችስ?»

«እሷም እኔ ነኝ። አሁን የቷን ነው ያጣችኋት?»

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እኛ አገር ሙሽራ ሲሆኑ ግን የመልአኩን ሥራ አማት ትረከበዋለች። ሙሽራዪቱ ከባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤትና በዚያ መንደር ስሟ እሱ ነው። መዝገቡ የተጻፈው በመንደሩ ስም ነበር፤ መታወቂያው በትውልድ ስማቸው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? የወንድሜን ሚስት ስም ያወጣችው እናቴ ናት፤ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ!

ላፕቶፔን ከፍቼ ላይብረሪውን «የነገርኩህን መልሰህ ንገረኝ» አልኩት። ማፒንግ የሚፈተሸው እንዲህ ነው፤ ማን የት እንደተቀመጠ በየመስመሩ ይዘረዝርላችኋል። ዘረዘረልኝ። ሰው፤ ስም፤ አንዲት ዓምድ። አንዲት! እውነቴን ነው፣ አፈርኩ። ሲስተሙ ማንንም አልበላም፤ ያጎረስኩት እኔ ነኝ።

እስከ ቀትር አስተካከልኩት። ስም የራሱ ሰንጠረዥ ተሰጠው፤ አንድ ሰው የፈለገውን ያህል ስም ይኑረው። ከመጠንቀቄ ብዛት የትውልድ ስም ያልሞላ ሰው አይለፍ የሚል ትእዛዝም ጨመርኩ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮምፒውተሩስ ይቀበል፣ ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሴት ለመሆናቸው ምስክሩ ማን ነው? አሉ።

ምስክሯ ስሙን ያወጡት አማት ናቸው፤ «መሬቱ ለእኔ ይገባል» ያለው ሰው እናት። ወይዘሮ ዘነበች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ልጃቸው ነው እኮ» አሉኝ ቀስ ብለው። ምን ልበላቸው? እኔም ፈራሁ። በእኔ አንዲት ዓምድ የተነሳ ሰው ከመሬቱ ሊነቀል ነው።

ሰኞ አማትየዋ፣ እማማ ጠጂቱ፣ እስከ መኪናው መንገድ በበቅሎ፣ ከዚያ በሚኒባስ መጡ። ልጃቸው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሳይቀመጡ ወደሱ ዞሩ።

«አንተ! ስሟን ሳወጣላት ከፊቴ ተቀምጠህ ጠላ ትጨልጥ አልነበረም?»

በሆታው መሀል ሳልሰማው ቀርቼ ይሆናል አለ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ‹ብርቄ ውኃ አምጭልኝ› ስትል የነበረው ማንን ነው? ጎረቤትን ነው?»

ሰውየው ጫማውን ማየት ጀመረ። ኃላፊው ብርቄና ዘነበች አንድ ሰው መሆናቸውን ይመሰክሩ እንደሆነ ጠየቋቸው።

«ዘነበችን እናቷ ወለደቻት። ብርቄን የወለድኳት እኔ ነኝ። እሱም ልጄ ነው፣ እሷም ልጄ ናት፤ መሬቱ ግን የሷ ነው። ጻፉ!»

ተጻፈ። ወይዘሮ ዘነበች ተንበርክከው የአማታቸውን ጉልበት ሳሙ። እኔ ዓይኔን ወደ ስክሪኑ መለስኩ፤ ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም።

የቀረው ምስክሯን መመዝገብ ነው። ስም፣ ጠጂቱ። ያወጣልዎት ማን ነው? አልኳቸው፤ አማቴ ናቸዋ፣ ነፍስ ይማር፣ አሉ። በስክሪኑ ላይ ወደሚቀጥለው የሚሞላ ሣጥን አለፍኩ።

«የትውልድ ስምዎትስ?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ያለሱ አያልፍም፣ እማማ።»

«ማን ነው አያልፍም ያለው?»

እኔ ነኝ ማለት ከበደኝ። እሳቸው ምራታቸውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ። «በዚያ የሚጠራኝ ሰው ካለቀ ቆየ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ወይዘሮ ዘነበች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ሃያ ዓመት አንድ ቤት ኖረው ሲሰሙት ገና መጀመሪያቸው ነው። ጻፍኩት። አለፈ።

«ገባ?» አሉኝ።

«ገብቷል፣ እማማ።»

«በል እንግዲያ አጥፋው። እሱ የእናቴ ነው።»

አጠፋሁት። ማፒንጉንም ከፍቼ፣ ያቺ ሣጥን ባዶ ብትሆንም ሰው ይለፍ ብዬ አዘዝኩ። ለመሆኑ ስማቸው ማን ነበር? ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ አጥፋው ተብያለሁ።