የቡሪየን ጭቃና የጋሽ ሽብሩ እግር

ከኛ ሰው ጋር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው «አውቃለሁ» አይልም። «አውቃለሁ» ያለ እንደሆነ ገበያ ላይ ቅጠል ዘርግቶ የሚጮኸው ነው፣ እለፉት። እውነተኛው አዋቂ ስትጠይቁት ይደነግጣል። «እኔ? ማን ነው ደግሞ እንዲህ ያላችሁ?» ይላል። ይምላል፣ ይገዘታል። ጭራሽ ተቆጥቶ ካባረራችሁ ደግሞ በቃ፣ ያለ ጥርጥር አግኝታችሁታል፤ ደጁን እንዳትለቁ። የሥሩ ስም ከተጠራ ኃይሉ ይጠፋልና አዋቂው ቢክድ አይፈረድበትም። እንግዲህ እንዲህ ባለ ሕዝብ መካከል የምትኖሩ፣ እውነትም ምንም መድኃኒት የሌላችሁ ሰው ሆናችሁ «የለኝም» ለማለት ብትሞክሩ ምን እንደሚውጣችሁ አስቡት። እኔ ሞክሬዋለሁ። ሲያትል ውስጥ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ።

ሥራዬ ጭቃ ነበር። ቀልዴን አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ላቦራቶሪ ተቀጥሬ፣ ባሕሩ ሸሽቶ ዳርቻው ሲራቆት ቦት ጫማዬን አጥልቄ ከከተማው በስተ ደቡብ ወዳለችው የባሕር ዳርቻ፣ ቡሪየን፣ እወርድና ከታች ያለውን ጥቁር ጭቃ በትንንሽ ብልቃጥ እየዛቅሁ እመለሳለሁ። አለቃዬ ረጅም፣ ትዕግሥተኛ፣ ሹራቡን ገልብጦ መልበሱን የማያውቅ አሜሪካዊ ነው፤ የሚያምንበት አንድ ነገር ነበረው። ሆስፒታል ውስጥ ቁስል የሚያደርቀው፣ የሳንባ ምች የሚያድነው መድኃኒት አብዛኛው የተገኘው አፈር ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው። የየብሱ አፈር ብዙ ተፈትሿል። የባሕሩን ታች ግን ገና ማን ነካው?

ጭቃውን አድርቀን፣ በባሕር ውኃ በተሠራ፣ ጄሎ መሳይ የረጋ ነገር ላይ፣ ክዳን ባላት ትንሽ ሰሐን ውስጥ እንበትነዋለን። ከዚያ መጠበቅ ነው። ችኩሎቹ ባክቴሪያዎች በማግሥቱ ሰሐኑን በዝልግልግ ይሞሉታል፤ እነሱን አንፈልጋቸውም። የምንፈልጋቸው ሳምንታት አልፈው፣ ተስፋ ቆርጠን ሰሐኑን ልንጥል ስንል ብቅ የሚሉትን ነው፤ የጠመኔ ብናኝ የመሰሉ ደረቅ ነጠብጣቦች። ክዳኑን ስትከፍቱት ዝናብ የመታው መሬት ይሸታል። እነዚህ ጉዶች ጎረቤት አይወዱም። ሌላ ባክቴሪያ እንዳይጠጋቸው ዙሪያቸውን መርዝ ያፈሳሉ፤ ያ መርዝ፣ እግዜር ካለ፣ ለኛ መድኃኒት ይሆናል። አጠገባቸው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ስናስቀምጥ ሞቶ ጥርት ያለ ቀለበት ከተወ አለቃዬ ያፏጫል። የሰውን ቅያሜ ሁሉ እንዲህ ወደ መድኃኒት የሚለውጥ ላቦራቶሪ ቢኖር ብዬ የተመኘሁበት ቀን ብዙ ነው። የኛ ማኅበር ስብሰባ ብቻውን አንድ ፋርማሲ ይሞላ ነበር።

ታዲያ ቱክዊላ ባለው የማኅበራችን አዳራሽ ውስጥ ክርስትና ላይ ሳለን አቶ መርሻ «ሥራ እንዴት ነው?» አሉኝ። አቶ መርሻ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ተጋቢ ያስታርቃሉ፣ ሟች ይሸኛሉ። ሌላ ሰው ቢሆን «ጥሩ ነው፣ ይመስገን» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን መለስኩ። «ከባሕር ጭቃ መድኃኒት እየፈለግን ነው» አልኩ። ወጡ ተነሥቶ ኬክ እስኪቆረስ ድረስ «እየፈለጉ ነው» የሚለው «አግኝተው ደብቀዋል» ሆኖ አዳራሹን ዞሮ ተመለሰ።

በዚያ ሳምንት ኮል ያላደረገልኝ ሰው የለም። ለወገቡ የሚጠይቅ አለ፤ ደሴ ላሉት አማቷ የምትጠይቅ አለች፤ «ጀሪካን ይዤ ልምጣ ወይስ አንተ ጋ አለ?» ያለም አልጠፋም። «የለኝም» አልኩ ለሁሉም። «እሱማ ልክ ነህ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ይባስ ብሎ አለቃዬ ሥራው እስኪታተም ድረስ ጭቃው ከየት ዳርቻ እንደመጣ ለማንም እንዳናወራ አዞናል። «ከየትኛው ዳርቻ ነው?» ሲሉኝ «አልናገርም» አልኩ። «ይኸውላችሁ!» አሉ። ለካ አለቃዬም ሳያውቀው የኛ አገር አዋቂ ኖሯል።

እስከዚህ ድረስ እስቅ ነበር። ከዚያ ቤዛ ደወለች።

ቤዛ የጋሽ ሽብሩ ልጅ ናት። ጋሽ ሽብሩ ኤርፖርት ሻትል የሚነዱ፣ ሰው ሲሣሣቅ ደስ የሚላቸው፣ ስኳር ያለባቸው ሰው ናቸው። አዲስ ጫማ የውስጥ እግራቸውን ላጥ አድርጎት ኖሮ፣ እንደ ወጉ ደበቁት። ሲደበቅ ሲደበቅ እግሩ አብጦ ጠቆረ። ሐኪሙ ዛሬውኑ ተኝተው በደም ሥር መድኃኒት ካልጀመሩ እግሩ ይቆረጣል አላቸው። እሳቸው «አስብበታለሁ» ብለው ቤታቸው ገቡ።

«ሊስን» አለችኝ፣ እያለቀሰች፤ «ባባ ሆስፒታል አልገባም አለ። ያንተን ጭቃ ነው የሚጠብቀው። ሶ፣ ወይ ስጠው፣ ወይ የለኝም በለው!»

«የለኝም ብያለሁ እኮ።»

«ዌል፣ እሱ ነው ችግሩ!»

ስካይዌይ ሰፈር ያለው ቤታቸው እየበረርኩ ሄድኩ። ጋሽ ሽብሩ ሶፋ ላይ ጋደም ብለዋል፤ እግራቸው በርጩማ ላይ ሆኖ ፎጣ ተጥሎበታል። ሽታው ከበሩ ተቀበለኝ። ተንበርክኬ ማልኩላቸው። «ጋሽ ሽብሩ፣ በማርያም፣ ምንም የለኝም። እኛ ገና ፈላጊዎች ነን። ሆስፒታል ይግቡ።»

በሐዘኔታ አዩኝ። «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። «እንዲህ አትጨነቅ። አላስገድድህም፤ ልብህ እስኪፈቅድ እጠብቅሃለሁ።»

ወጣሁ። ፈርቼ ነበር፤ ተናድጄም ነበር። ሰው በመሐላ አያምን፣ በሐኪም አያምን፣ በምን ያምናል? ደግሞ ያቺ እግር ብትቆረጥ፣ በዚያች ከተማ ውስጥ ቆራጩ ሐኪሙ ሳይሆን እኔ እንደምሆን አልጠፋኝም።

ቅዳሜ ጠዋት የአፓርታማዬ በር ተንኳኳ። አቶ መርሻ ከሐጂ ኑሩና ከአንድ ሌላ አዛውንት ጋር ከረባታቸውን አሥረው ቆመዋል። ሽማግሌ ተልኮብኛል! እንደ ልጃገረድ አባት። ግቡ አልኩ፤ ገቡ። ተቀመጡ አልኩ።

«አንቀመጥም» አሉ አቶ መርሻ። «እሺ እስክትለን አንቀመጥም። የሰው እግር ነው የምንለምንህ።»

ስለ ሰሐኖቹ፣ ስለ ቀለበቱ፣ ስለ ዓመታት ፍለጋ ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ሐጂ ኑሩ ገና ከአሁኑ «ልክ ነህ» በሚል ዓይን ያዩኛል። ያኔ አንድ ነገር በራልኝ። እውነቱን እስከ ዛሬ የተናገርኩት በአጉል ድምፅ ነው።

የተዘጋውን በር ደግሜ ዘጋሁ። መጋረጃውን ሳብኩ። «ተቀመጡ» አልኩ በሹክሹክታ፤ «ግን ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ።»

ሦስቱም ለሁለት ሰው በተሠራችው ሶፋዬ ላይ በአንድ ጊዜ ተቀመጡ።

«እኔ እጅ ላይ የለም» አልኩ። «ያለው ሆስፒታል ነው። አይጠጣም፣ አይቀባም፤ በደም ሥር ነው የሚገባው። ዛሬ ካልተጀመረ አይሠራም።»

«ማን ነው የሚሰጠው?» አሉ ሐጂ።

«ነርሷ።»

«ታውቃለች?»

«ስሙን ብቻ።»

አቶ መርሻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ከምንድን ነው እሱ?»

«ከአፈር» አልኩ። የዚያ ዓይነቱ መድኃኒት አብዛኛው ከአፈር ነው ብያችሁ የለ? ከተናገርኩት ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት አልነበረችበትም፤ ሐኪሙ ያለው ነው፣ ቤዛ ስታለቅስበት የሰነበተችው ነው። ድምፄን ዝቅ ማድረጌ ብቻ ነው የኔ። እኩለ ቀን ሳይሆን ጋሽ ሽብሩ በቤዛ መኪና ሆስፒታል ገቡ።

በነጋታው ከሰዓት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ተኝተዋል። ከራሳቸው በላይ የተሰቀለው ከረጢት ጠብ ጠብ ይላል፤ ምን ላድርግ፣ የሥራ አመል ነው፣ ስሙን አነበብኩት። ቀናት አለፉ። ትንሿ ጣት ሄደች፤ እግሩ ግን ተረፈ።

በዚያው ሰሞን ላቦራቶሪ ውስጥ ደግሞ ሐዘን ሆነ። ከቡሪየን ጭቃ የወጣች አንዲት ነጠብጣብ ነበረችን፤ ቀለበቷ ሰፊ፣ አለቃዬን ለወራት ያስፏጨች። የምታፈሰው ነገር ምን እንደሆነ ኬሚስቱ መርምሮ ውጤቱን ላከ። አለቃዬ አነበበና ሹራቡን መጎተት ጀመረ። «የታወቀ ነው» አለ። «ድሮ፣ ሌላ አገር፣ ከአፈር የተገኘ። አዲስ ነገር የለም፤ ወደሚቀጥለው እንለፍ።» ሰሐኗን ከድኖ ወደሚቃጠለው ቆሻሻ ጣላት። ስሙን ጠየቅሁት። ነገረኝ።

ከጋሽ ሽብሩ ራስ በላይ ያነበብኩት ስም ነበር።

ከአለቃዬ ጋር ማዘን ሲገባኝ ሳቅ አፈነኝና ኮሪደር ወጣሁ። ስቄ ስጨርስ ዓይኔ እርጥብ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አላውቀውም። እኛ ዘንድ አዲስ ስላልሆነ የተጣለ ነገር፣ እዚያ ማዶ ሆስፒታል ውስጥ የሰው እግር አትርፏል።

እውነቱን ማወቅ ይገባቸዋል ብዬ ገና ከሆስፒታል ያልወጡት ጋሽ ሽብሩ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የዳኑበት መድኃኒት ያገኙት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ እኛም ከቡሪየን ጭቃ ያገኘነው ያንኑ ነው፤ ስለዚህ ምንም አላገኘንም፣ እኔም ምንም አልሰጠሁዎትም አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ነርሷ አለመኖሯን በሩን አየት አድርገው አረጋገጡና እጄን ያዙኝ።

«ገብቶኛል» አሉ። «አንተ ምንም አልሰጠኸኝም።»

ከዚያ ወዲያ ያገኘኋቸው አዳራሹ ውስጥ፣ ሠርግ ላይ ነው። ከዘራ ይዘው ገቡ። ሰው ከበባቸው። «በምን ዳኑ? ማን ነው ያዳነዎት?»

«እኔ? ማን ነው ደግሞ እንዲህ ያላችሁ?» አሉ ጋሽ ሽብሩ ደንግጠው። «ሐኪሞቹ ናቸው፤ ሌላ ማንም የለም።»

ይህ እንግዲህ እውነት ነው። ግን አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ የማየው የጋሽ ሽብሩን ጫማ ነበር። ሁለቱንም አድርገዋል።