ባሌ፣ የደም ስር ሊቁ

አንድ ቀን ሐኪም ቤት ደርሶ ዶክተር ሆኖ የሚመለስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ባሌ ጀማል እንደዚያ ነው። ሀርጌሳ ከፍርስራሽ በምትነሣበት ዘመን ልጅ ቢዘገይብን፣ ኢትዮጵያ የተማረች ሐኪም ዘንድ ሄድን። «እንቁላል እንዲበስል ኦቫሪሽ ውስጥ አዳዲስ የደም ስሮች ማደግ አለባቸው፤ ያንቺዎቹ ሰንፈዋል» ብላ መድኃኒት አዘዘችልኝ።

ከዚያ ወዲያ ግንበኛው ባሌ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈራችን ውስጥ ያላስተማረው ሰው የለም። «ውሃ ያልገባበት ቤት ማን ይኖርበታል? እንቁላልም ደም ካልደረሰው እንደዚያው ነው» ይላል፣ ሲሚንቶ የሚያቦኩትን አስቁሞ። አንድ ዓርብ ሼኩን መስጊድ በር ላይ ያዛቸው። እሳቸውም «ኢንሻአላህ፣ ጀማል» ብለው ጫማቸውን ፍለጋ ጎንበስ አሉ።

ከወራት በኋላ ለምርመራ ደም ስሰጥ፣ ሊቁ መርፌውን አይቶ ተዘረረ። ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ መጣች። «አልሐምዱሊላህ፣ አርግዘሻል» አለችኝ። ወለሉን አየት አድርጋም፣ «አባትየው ሲነቃ ንገሪው።»