ሶስና በየሰው አፍ

ለመሆኑ ሰው ስምዎን ሲጠራ፣ የተጠራው እርስዎ መሆንዎን በምን ያውቃሉ? ዞር ብለው «አቤት» ስላሉ ነው? እሱማ ውሻም ስሙን ሲሰማ ዞር ይላል። መልሱን አሁኑኑ አልፈልግም። እኔም እሱን ስፈልግ አርጅቻለሁ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በሰው አገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የመጻሕፍትን ስም በካርድ ላይ ስጽፍ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው የሚሉ አሉ፤ ሠርተውት አያውቁም። አለቃዬ ካርድ የምጽፍ ሲመስለው እኔ የእናቴን ስም በየቋንቋው እፈልግ ነበር። እናቴ ሶስና ትባላለች። ዕብራይስጥ የሚናገሩት ሾሻና ይላሉ፤ ነጭ የሜዳ አበባ ማለት ነው። አዋቂዎቹ እንደሚሉት ዕብራውያንም ስሙን ያገኙት ከጥንት ግብጾች ነው፤ እዚያ ደግሞ በዓባይ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አበባ ነበር። ውሃው ከእኛ ከጎጃም የሚወርድ መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ፤ ስለዚህ ስሙ እናቴ ዘንድ የደረሰው ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማንም አልተቃወመኝም፤ ማንንም ስላልጠየቅሁ። ግሪኮች ሱሳና አሉት። አርመኖች ሹሻን አሉት፤ በሹክሹክታ ለመጥራት የሚመች ነው። ፈረንሳዮች ጅራቱን ቆርጠው ሱዛን አደረጉት፤ ፊንላንዶች ከወዲህ በኩል ቆረጡና ሳና ቀረላቸው። ሃንጋሪዎች ዡዣና ሲሉት ንብ ቤት የገባች ይመስላል። ይህን ሁሉ አገር ዞሮ፣ በዚህ ሁሉ ምላስ ተገላብጦ፣ አበባነቱን ያልለቀቀ ስም ነው።

የቆሸሸው ደብረ ማርቆስ ላይ ነው።

ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው፤ የደብረ ኤልያስ መሪጌታ ነበሩ፤ የጎረቤቱ ልጆች የሺና ጥሩነሽ ሲባሉ እሳቸው ከቅዱስ መጽሐፍ ስም መረጡላት። ፊደሉን ግን ለወንዶቹ ብቻ አስተማሩ። ለሴት ልጅ ስሙ ይበቃታል ብለው ይሆናል።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል። ምሽጉ ልብስ አጣቢ ሲፈልግ እናቴ ገባች፤ ሌላ የሚያበላን አልነበረም። ጠዋት የወታደሩን ልብስ በአንሶላ ቋጥራ ወንዝ ትወርዳለች፤ በእንዶድ አጥባ ድንጋይ ላይ ታሰጣዋለች፤ እኔ ላም እንዳያኝከው እጠብቃለሁ።

እስቲ ልጠይቅዎ፤ የጦር ሰፈርን ምስጢር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቅ ማን ይመስልዎታል? ጄኔራሉ? አጣቢዋ ናት። ሸሚዝ የቆጠረች ወታደር ቆጥራለች። ልብሱ ሳይደርቅ «አምጪ» ከተባለች ነገ ዘመቻ አለ። ብርድ ልብሱም አብሮ ከተጠየቀ መንገዱ ሩቅ ነው። እናቴ ፊደል ባትቆጥርም ያንን ምሽግ እንደ ዳዊት ትደግመው ነበር። ያነበበችውን ለነፍስ አባቷ ለአባ ተክሌ ትነግራለች፤ እሳቸውም በሽተኛ ልጠይቅ፣ ጠበል ልረጭ እያሉ ጫካ ላለው አርበኛ ያደርሳሉ። ወታደር ኪሱ ውስጥ የረሳውንም ጥይት ሰብስባ በካልሲ ቋጥራ ትሰጣቸዋለች። ታዲያ ከየጥንዱ ሁልጊዜ አንድ ካልሲ ነው የሚጠፋው። ለምን ሁለቱንም እንደማትወስድ ጠየቅኋት።

«ሁለቱ ከጠፋ ሌባ አለ ይላሉ» አለችኝ ሸሚዝ እየጠመዘዘች፤ «አንዱ ከጠፋ ወንዝ ወሰደው ይላሉ።»

በእኛ ከተማ የነበረው የጣሊያን ጦር ግማሹ ግራና ቀኙ የማይመሳሰል ካልሲ አድርጎ የዘመተው በእናቴ ምክንያት ነው። ይህን የትም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም፤ ፈልጌ ነበር።

አባ ተክሌ ብልህ ሰው ነበሩ። ለአርበኞቹ አለቃ «ሶስና» ብለው አልነገሯቸውም፤ የተያዘ ሰው ሲገረፍ ስም ያወጣል። የነገሯቸው የክርስትና ስሟን ነው። የክርስትና ስም በአገራችን እንዴት እንደሚደበቅ እርስዎም ያውቃሉ፤ መተተኛ እንዳይሰማው ይባላል። ወላጆቿና የክርስትና እናቷ ያውቁታል፤ እነሱ ሁሉ ሞተዋል። የነፍስ አባቷ ያውቁታል። ከዚያ ወዲያ በአደባባይ የሚነገረው በፍትሐት ጊዜ፣ ባለቤቱ መስማት ካቆመ በኋላ ነው። እኔ ልጇ እንኳ አላውቀውም ነበር።

በምሽጉ ውስጥ ግን ሌላ ስም ወጣላት። የልብሱ ኃላፊ አንድ ወፍራም አሥር አለቃ ነበር፤ የእህቱም ስም ይኸው ኖሯል። ሌሎቹን ሠራተኞች በፉጨት ነበር የሚጠራቸው፤ እናቴን ግን ገበያው እስኪሰማ በአጥሩ ላይ አሻግሮ «ሱዛና! ሱዛና!» ይላታል። አገሩ ናፍቆት ነበር መሰለኝ። ሌላ ነገር አልነበረም፤ እኔ አብሬያት ስለነበርኩ አውቃለሁ። ሰፈሩ ግን ሁሉን በፉጨት የሚጠራ ጣሊያን አንዷን በስሟ ሲጠራት ምን ማለት እንደሆነ ለራሱ ተረጎመው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ተነጋገሩ፤ እሷን አልጠሯትም። ከሰንበቴው አስወጧት። እሳት ከለከሏት።

እሳት ልጭር የላከችኝ ቀን ትዝ ይለኛል። አጥር የሚለየን ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ቆመዋል።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ እማዬ እሳት ስጡኝ ብላለች።»

«ማን ናት ያለችሽ? ሶስና ናት ሱዛና?»

«እማዬ ናት።»

«ሱዛና ከሆነች ጣሊያኑ ክብሪት አለው በያት።»

ገሉን ባዶውን ይዤ ተመለስኩ። ያን ሰሞን እሷን እንደ ሰው የሚያናግራት ገበያ ላይ ጨው የሚሸጡት ሐጂ ዑመር ብቻ ነበሩ። እሳቸው በዓረብኛ ሰውሰን ይሏታል። «ሰውሰን፣ እንዶዱ እጅሽን ጨረሰው» ይሉና ቅቤ በቅጠል ይሰጧታል። ሰውሰን አበባ መሆኑን የነገሩንም እሳቸው ናቸው። እናቴ ቤት ስትደርስ የተላጠ እጇን አይታ ሳቀች። «አበባ» አለች። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

ጣሊያን ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው አባ ተክሌ በደምበጫ መንገድ ላይ ተገደሉ። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሴት መሆናቸውን ከእናቴ በቀር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አርበኛው ከተማ ሲገባ አለቃው፣ ፊታውራሪ ነበሩ፣ ገበያ መሐል ነጋሪት አስመቱ። «ወለተ ሥላሴ የምትባለው፣ በአባ ተክሌ እጅ ወሬና ጥይት ስትልክልን የነበረች ሴት ትቅረብ» ተባለ። ወለተ ሥላሴ የተባለች ሴት በጎጃም ስንት እንደሆነች እርስዎ ይገምቱ። ስሙን በመተት ፍርሃት ከባሏ ስትደብቅ የኖረች ሁሉ ያን ቀን ተንጋግታ ወጣች፤ አሥራ አንድ ቀረቡ። ከመካከላቸው አንዷ እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። ቤታቸው ከምሽጉ አጠገብ ስለሆነ የእሳቸው ነገር ከሁሉ የሚታመን መሰለ፤ ካባው ለእሳቸው ተደረበ፤ እልልታው ቀለጠ። እናቴ ከሐጂ ዑመር የጨው ዳስ ጥላ ሥር ቆማ አየች።

«እማዬ» አልኳት፣ «ጥይቱን የምትልኪው አንቺ አይደለሽም? ሸሚዙን ንገሪያቸው።»

«ማን ነኝ ብዬ?» አለች። «እነሱ እኔን የሚያውቁኝ በጣሊያኑ አፍ ነው።»

እኔ ለያገኘሁት ሰው ነገርኩ። የባንዳ ልጅ ተረት ነው ተባለ።

እናቴ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረች። የሞተች ዕለት የአባ ተክሌ አራተኛ ዓመት መታሰቢያ ነበርና ደብሩ በሰው ተሞልቷል፤ የመጣው ለእሳቸው ነው፣ ለእሷ አይደለም። ፊታውራሪም መጥተዋል፤ እትዬ ጥሩወርቅ ካባቸውን ደርበው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ካህኑ ፍትሐቱን ሲያደርሱ፣ ስትናዘዝ የነገረቻቸውን ስም ከፍ አድርገው አሉት፤ ወለተ ሥላሴ።

ፊታውራሪ ቀና አሉ። «ይቺ ሴት ምን ትሠራ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

 አንድ ሽማግሌ አፉን በነጠላው ሸፍኖ «የጣሊያን ልብስ አጣቢ ነበረች» አለ።

 «ጥይቱ የሚደርሰን በካልሲ ነበር» አሉ ፊታውራሪ። «እንዶድ እንዶድ ይሸት ነበር።» ይህን ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። እትዬ ጥሩወርቅ ካባውን እንደደረቡ ነበሩ፤ ያን ያህል ሰው ሲያያቸው ማውለቁም አለማውለቁም አይቻልም።

በአርባዋ ሽማግሌዎቹ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ደጄ ላይ ተደፉ። ካባው ተጣጥፎ መጣ። ፊታውራሪም ይቅር በይ ብለው ሰው ላኩ። ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ያን ያህል ነጭ ፀጉር ሲደፋላት አገሩ ሁሉ «ማሪ» ይላታል። ድንጋያቸውን እንደተሸከሙ ትቻቸው በደጀን በኩል ወጣሁ፤ ዓባይን ተሻገርኩ፤ አልተመለስኩም።

ባለፈው ወር ደብዳቤ ደረሰኝ። የጻፈችው የእትዬ ጥሩወርቅ የልጅ ልጅ ናት። ሶስና ትባላለች። ያንን ስም ያወጡላት ራሳቸው አያቷ መሆናቸውን፣ በሰፈሩ ዛሬ ሶስና የሚባሉ ሴት ልጆች መብዛታቸውን ጻፈችልኝ። ስለ ስሙ የማውቀውን እንድነግራት፣ ለአያቷም ይቅርታ እንዳደርግ በትሕትና ለምናኛለች። ጽሕፈቷ ያምራል፤ ልጅቱን ወደድኳት።

በጥሩ ወረቀት መለስኩላት። ከግብጹ አበባ ጀምሬ ሾሻናን፣ ሰውሰንን፣ ሹሻንን፣ ዡዣናን ሁሉ በየፊደሉ ጻፍኩላት፤ ሱዛናንም አላስቀረሁም፣ ስሙ ጥፋት የለበትምና። ይህን ስም ይዛ ቀና ብላ እንድትሄድ፣ ስሙን ከእሷ በፊት የተሸከመችው ሴት እኔ ካነበብኩት ሁሉ እንደምትበልጥ ነገርኳት።

ሁለተኛውን ጥያቄዋን እዚህ እመልሳለሁ፤ ሌሎቹም እንዲሰሙት። አያቷን ይቅር አላልኩም። ሽማግሌዎቹን፣ አሥር አለቃውን፣ ፊታውራሪንም አላልኩም። ማንንም ይቅር አልልም።