የአያ ሞላ የኋላ ፍሬን

እናንተዬ፣ መምረጥ የማይደክመው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የላሊበላው ጎረቤቴ አያ ሞላ የመኪና ዕቃ በሳጥን አስመጥተው በገዛ እጃቸው ሲገጣጥሙ ቆዩና የኋላ ፍሬን ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የዲስክ ፍሬን ይሁን የታምቡር? ክረምቱን ሙሉ ሲያማክሩ ከረሙ። ለልጃቸው ሚስት ሲያጩ እንኳ እንዲህ አልተጨነቁም!

ጡረተኛው ሾፌር ጋሽ ይመር «ታምቡር ነው እንጂ! የእጅ ፍሬኑ አጥብቆ ይይዛል» አሉ። እኔ ደግሞ፣ ማን እንደጠየቀኝ እንጃ፣ «ታምቡር ቁልቁለት ላይ ሲግል አልይዝ ይላል፤ ዲስክ ይሁን» ብዬ ተሟገትኩ።

በመጨረሻ ዲስክ ተገጠመ። አያ ሞላ ወደ አሸተን ማርያም በሚያስወጣው ዳገት ላይ መኪናዋን አቆሙ፤ የእጅ ፍሬኑን ስበው ወረዱ። እኔና ጋሽ ይመርም ከኋላ ተከትለን ደረስን። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቁ።

«ምነው አያ ሞላ፣ ዲስኩን አላመኑትም?» አልኳቸው።

«ዲስኩንስ አምኘዋለሁ፤ ያላመንኩት ቁልቁለቱን ነው። አንተስ የያዝከው ምንድን ነው?»

እጄን አየሁ። ድንጋይ! ጋሽ ይመርማ ሁለት ታቅፈዋል።

ሦስታችንም እየሳቅን የቀሩትንም ወሸቅን። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ዲስኩ ይሁን ድንጋዩ የያዛት ግን እስከ ዛሬ ለመፈተን የደፈረ የለም።