ፈረሱንስ ማን ያደርሰዋል?

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉት አበው ነገሩን ቋጭተው ስለሄዱ የእኔን ጥያቄ ሳይመልሱልኝ ቀሩ። ፈረስ ያደርሳል፤ እሺ። ፈረሱንስ ማን ያደርሰዋል? በእነርሱ ዘመን ይህን መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ዛሬ ግን አስፋልቱን የጭነት መኪናና ባጃጅ ወርሰውታል፤ ለጋ ፈረስ እየጋለብሁ ከጅጋ ቡሬ ልግባ የሚል ሰው ቢገኝ ዘመድ ተሰብስቦ ጸበል ይወስደዋል። ስለዚህ ፈረሱም እንደ ሰው በመኪና ይሄዳል። እናንተ አሁን «ታዲያ ጭኖ መሄድ ነዋ!» ሳትሉ አትቀሩም። እኔም አማቴ እስኪጠሩኝ ድረስ እንደዚያው እል ነበር።

አማቴ አያ ታደገ ከጅጋ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ቡሬ ላይ አያ ውበቱ የሚባሉ ታላቅ ወንድም አሏቸው። ሁለቱ ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም፤ ምክንያቱም ፈረስ ነው። አያ ውበቱ ለጥምቀት ጉግስ የሚወጡበትን ፈረስ ለታናሽ ወንድማቸው አውሰው ነበር። አማቴ ሲመልሱ ፈረሱን ጭነት መኪና ላይ አወጡና አንገቱን ከብረቱ ጋር ጥፍር አድርገው አሰሩት። ማንኩሳ ላይ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ፤ ፈረሱ ተንሸራቶ ወደቀ፤ እግሩ ተሰበረ፤ በዚያው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ልቅሶ ቤት እንኳ አንዱ በደጅ ሲገባ ሌላው በጓሮ ይወጣ ነበር።

ዘንድሮ ሽማግሌ ገባ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ፈረስ በፈረስ ይካስ፣ አያ ታደገ ቦራን ይስጡ ተባለ። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ጎረምሳ ፈረስ ነው፤ አማቴ ከልጆቻቸው እኩል፣ ከልጆቻቸው ባሎች ደግሞ አብልጠው ይወዱታል። አያ ውበቱ ግን አንድ ነገር አከሉበት።

«እንደዚያኛው በመኪና ይምጣ። በአራት እግሩ ተደጃፌ ቆሞ ልየው፤ ያን ጊዜ እታረቃለሁ። የሚያነክስ ተሆነ ግን ይዛችሁት ተመለሱ።»

በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል ነው፤ መሻር የለም።

አማቴ ደወሉልኝ። እኔ ፍኖተ ሰላም የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ በእሳቸው እምነት የተማረ ሰው ሁሉ ከመኪና ጋር ዝምድና አለው። የመንፈቅ ዓመት እረፍት ስለነበር ሄድሁ። ስደርስ ግቢያቸው ውስጥ ከባሕር ዛፍ የተሠራ ካሶኒ ቆሟል። ግድግዳው፣ መወጣጫው፣ እንዳያንሸራትት ወለሉ ላይ የተነሰነሰው አሸዋና ጭድ፣ ሁሉም ልክ እንደ ጭነት መኪና ነው፤ የጎደለው ሞተርና ጎማ ብቻ።

ቦራ በመጀመሪያው ቀን መወጣጫውን አሽትቶ ተመለሰ። በማግስቱ የፊት እግሮቹን አሳርፎ ጥቂት አሰበና ሐሳቡን ለወጠ። የጎተተው የለም፤ አለንጋ ያነሳበት የለም። ገብሱ ከላይ ካሶኒው ውስጥ ነው፣ ፈረሱ ታች ነው፤ የቀረውን ለሆዱ ተውንለት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? በሳምንቱ ቦራ ራሱ ወጥቶ፣ በልቶ፣ ራሱ የሚወርድ ሆነ። ይኼኔ አማቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«በል እንግዲህ፣ አንተ ደግሞ ሞተሩን ሁንልኝ።»

«ምኑን?»

«ሞተሩን። ድምፁን ተአሁኑ ይልመደው እንጂ!»

ለካስ ያ ሁሉ ዓመት የተማርሁት ለዚህ ኖሯል። የካሶኒውን ግንድ በሁለት እጄ ይዤ እያንቀጠቀጥሁ «ድርርርር» እላለሁ፤ በየመሐሉ «ጲጵ! ጲጵ!» እያልሁ ጥሩምባ እነፋለሁ፤ ገበያ የሚሄደው ሰው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያየኛል። አንዲት ጎረቤት የባለቤቴን እናት ለብቻቸው ጠርተው «ይኼ ነገር ከጀመረው ቆይቷል?» ብለው ጠየቋቸው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አንድ ተማሪዬ አለፈ፤ ወሬው ፍኖተ ሰላም ቀድሞኝ ገባ። ቦራ ግን ገብሱን ከመቆርጠም አንዴ እንኳ ቀና አላለም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ሁለት ሳምንት ሞላና ቀኑ ደረሰ። የጭነት አይሱዙ መጣ፤ መወጣጫው ተዘረጋ፤ ቦራ ለምዶት የለም እንዴ፣ ወጣ። ገመዱ ጭንቅላቱን እንደ ልብ እንዲያንቀሳቅስ ላላ ተደርጎ ታሰረ። አማቴን ጋቢና ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ያኛውን የገደልሁት ጋቢና ተቀምጨ ነው» አሉኝና ከቦራ ጎን ቆሙ።

ጋቢና የገባሁት እኔ ሆንሁ። ማንኩሳ ስንደርስ ሾፌሩ እንደተለመነው በዝግታ ነዳ፤ እኔ በኋላው መስኮት ዞር ብዬ አየሁ። አማቴ አንድ እጃቸውን የቦራ አንገት ላይ ጭነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በሞተርነቴ ያፈርሁትን ኀፍረት ሁሉ ያን ጊዜ ረሳሁት።

ቡሬ ላይ አያ ውበቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ቦራ በመወጣጫው ኮራ ብሎ ወረደ። አያ ውበቱ በርከክ ብለው አራቱንም እግሮች አንድ በአንድ ዳሰሱ። «ደኅና ነው» አሉ በመጨረሻ።

ይህን የሰሙት አማቴ ደስታቸው ዓይናቸውን ጋርዶት መወጣጫውን ረሱት። ከካሶኒው ጎን ዘለሉ። ግራ እግራቸው ወለም አለና ወንድማቸው እግር ሥር ዘጭ አሉ።

አያ ውበቱ ፈረሱን አዩ፤ ወንድማቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። «ለፈረሱ ሁለት ሳምንት ሙሉ መውጣት መውረድ ስታስተምሩ፣ ለዚህ ሰውዬ አንድ ቀን ቸገራችሁ?»

አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሚያነክስ ተሆነ ይመለሳል ብለው አልነበር?»

«እሱ ለፈረሱ ነው» አሉ አያ ውበቱ፤ ወንድማቸውን ደግፈው እያነሡ። «ይኼ እዚሁ ይቀመጣል።»

ወጌሻው አሽቶ ሲያበቃ «በሦስት ቀን ይድናል» ብሎ ነበር። አማቴ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ሁለቱ ወንድማማቾች ቦራን ውኃ አጠጥተው ሲመለሱ ከሩቅ አየኋቸው፤ እየተሳሳቁ፣ እኩል እየተራመዱ ነው። እኔን ሲያዩ ጊዜ አማቴ ማነከስ ጀመሩ። በቀኝ እግራቸው።

ማታ የባለቤቴ እናት ደውለው «እንዴት ነው እግራቸው?» ሲሉኝ፣ «ገና ነው፤ ትንሽ መቆየት አለባቸው» አልኋቸው።