መሬት ያጣው ማሽን

[የልብስ እጥበት ድርጅት። ከእጥበት ክፍሉ በር ውጪ ልብስ ማስጫው አለ። የሆቴል አንሶላዎች በገመድ ላይ ተሰጥተዋል። በግንቡ ጥግ አፈር የሞላው ረጅም የአበባ መደብ ይታያል፤ ከአበቦቹ መሐል የመዳብ ዘንግ አናት ብቅ ብሏል። ሁለት ሰዎች አንድ ሽቦ ግራና ቀኝ ይዘው ይከራከራሉ። አንደኛው የማያውቀው ነገር ስለሌለ «ሊቁ» የሚባል ጎልማሳ ነው። ሌላው የእህቱ ባል ነው፤ ከአፉ በማትጠፋው ቃል «ቆይማ» ይሉታል። ቆይማ በነፃ እጁ የሱሪ ኪሱን ጭምድድ አድርጎ ይዟል።]

ሊቁ፦ አረንጓዴ ነው አልኩህ! ቢጫ መስመር ያለው አረንጓዴ!

ቆይማ፦ ቆይማ ጋሼ… ለእኔ ቢጫ ነው። አረንጓዴ መስመር ያለው ቢጫ።

ሊቁ፦ በዓለም ላይ አረንጓዴ ነው የሚባለው። አንተ ከየት አመጣኸው?

ቆይማ፦ ከመደብሩ። እርስዎ አይደሉ የላኩኝ?

ሊቁ፦ ወሬውን ማለቴ ነው እንጂ ሽቦውን መች አልኩህ!

ቆይማ፦ ባለመደብሩም «ምን ዓይነት?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የሜዳ አህያ የመሰለ፣ ግን ቀለም የተቀባ አልኩት። ወዲያው ገባው።

ሊቁ፦ በቃ፣ በቃ። ሽቦው ታስሮ አልቋል፤ ይኼ ትራፊ ነው፤ የፈለገውን ይምሰል። ቁልፉን አምጣ።

ቆይማ፦ የቱን ቁልፍ?

ሊቁ፦ የማከፋፈያ ሳጥኑን ነዋ! ጠዋት «መብራቱን አጥፋ፣ ሳጥኑን ቆልፍ፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት» አላልኩህም?

ቆይማ፦ ብለውኛል። ከትቻለሁ።

ሊቁ፦ አሁን ደግሞ አውጣ እያልኩህ ነው። እህቴ ስምንት ሰዓት ላይ ፈረቃ ትገባለች፤ ማሽኑን አስነስቼ ልጠብቃት።

ቆይማ፦ ለዚህ እኮ ነው የማላወጣው። ባለፈው ሳምንት ይኼ ማሽን ሲነዝራት ቀኝ እጇ ሁለት ቀን ማንኪያ መያዝ አቅቶት ነበር። እኔ ነኝ ያበላኋት። በርበሬ በዛበት እያለች።

ሊቁ፦ ያኔማ ማሽኑ መሬት አልነበረውም!

ቆይማ፦ [በበሩ አጮልቆ ማሽኑን እያየ] ያኔም እዚያው ነበር የቆመው። አልተንሳፈፈም።

ሊቁ፦ መሬት ላይ መቆምና መሬት መያዝ ይለያያል!

ቆይማ፦ እሱስ ይለያያል። እኔም አርባ ዓመት ቆሜ አንድ ካሬ አልያዝኩም።

ሊቁ፦ ወይ ፈጣሪዬ! ስማኝ። ኤሌክትሪክ የሚመጣበት ሽቦ ፌዝ ይባላል።

ቆይማ፦ እኔ አላፌዝኩም ጋሼ። የምሬን ነው።

ሊቁ፦ የሽቦው ስም ነው! ፌዝ! ስሙ ፌዝ ነው!

ቆይማ፦ ሰው የሚገድልን ሽቦ ፌዝ ብሎ መሰየም ደግሞ ጥሩ አይደለም።

ሊቁ፦ እኔ አልሰየምኩትም! ዝም ብለህ አዳምጥ። ይኼ ፌዝ ውስጥ ለውስጥ ሲላጥ የማሽኑን ብረት ይነካል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ በብረቱ ላይ ይፈሳል።

ቆይማ፦ [ወደ በሩ ይራመዳል] ባልዲ ላምጣ?

ሊቁ፦ ቁም! በባልዲ አይቀዳም። መውጫ ካላዘጋጀህለት ማሽኑን የነካውን ሰው መውጫ ያደርገዋል። እጇ ደግሞ እርጥብ ነው፤ ወለሉም እርጥብ ነው። ስለዚህ እኔ ምን አደረግሁ? ከማሽኑ ብረት በሽቦ፣ ከሽቦው ወደዚያ ዘንግ፣ ከዘንጉ ወደ መሬት። መሬት ዋጥ ያደርገዋል። ገባህ?

ቆይማ፦ ገባኝ። የጓሮ በር ሠራንለት ማለት ነው።

ሊቁ፦ ተመስገን! አንድ ነገር ገባህ።

ቆይማ፦ እና የጓሮ በሩ ወዴት ነው የሚከፈተው?

ሊቁ፦ ወደ መሬት ነው አልኩህ እኮ!

ቆይማ፦ እሺ። [ያስባል።] እሺ።

ሊቁ፦ ቁልፉን።

ቆይማ፦ ቆይማ። ሽቦው ማሽኑ ላይ የታሰረበትን ብሎን አይተውታል?

ሊቁ፦ ራሴ ያሰርኩትን ምን ብዬ አየዋለሁ?

ቆይማ፦ ፈትቼ መልሼ አሰርኩት።

ሊቁ፦ ምን አደረግህ?

ቆይማ፦ ከሥሩ ያለውን ቀለም በሞረድ ፋቅ ፋቅ አደረግሁና።

ሊቁ፦ [እየሮጠ ይገባል፤ እየሮጠ ይወጣል] ጉድ ፈላ! ወር ያልሞላውን ማሽን! አሮ እንደተረሳ ድስት ፈግፍገኸዋል! የድርጅቱ ባለቤት ብታየው ምን ትላለች?

ቆይማ፦ ከማሽኑ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ ሥዕል አለ። አንድ ሰውዬ ቀለሙን ይፍቃል፤ ቀጥሎ ያስራል፤ ቀጥሎ ፈገግ ይላል። ሌላኛው ሰውዬ ሳይፍቅ ያስራል። እሱን በቀይ ሰርዘውታል።

ሊቁ፦ ሥዕል ማንበብ ለማይችል ነው!

ቆይማ፦ እርስዎ ጽሑፉን አንብበውት ነበር?

ሊቁ፦ እኔን ምን ያስነብበኛል? በልምድ የምሠራ ሰው!

ቆይማ፦ እኔ ልምድ ስለሌለኝ ሥዕሉን አየሁ። ቀለም ላይ ማሰር ካፖርት ለብሶ ገላ እንደመታጠብ ነው መሰለኝ። ውሃው ይወርዳል፤ ገላው አያገኘውም።

ሊቁ፦ [ጉሮሮውን ይጠርጋል] እሱን እንኳ ላደርገው ነበር። ስልክ ተደውሎልኝ ነው። ደግ አደረግህ። ቁልፉን።

ቆይማ፦ ዘንጉስ ምን ያህል ገባልዎት?

ሊቁ፦ [ደረቱን ነፋ አድርጎ] አሃ! አሁን ደህና ጥያቄ መጣ። አንድ ሜትር ተኩሉ በሙሉ! አናቱ ብቻ ነው የቀረው። ያውም ትናንት በሩብ ሰዓት ውስጥ። ሌላው ባለሙያ ነኝ ባይ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

ቆይማ፦ በሩብ ሰዓት! እንዴት አድርገው?

ሊቁ፦ መጀመሪያ እንደ ቅቤ ገባ። ቀጥሎ ድንጋይ ገጠመኝ። ጓ! ጓ! ሌላ ሰው ቢሆን ትቶት ይሄድ ነበር። እኔ ግን ትልቁን መዶሻ አነሳሁ። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት… ድንጋዩ እጁን ሰጠ። ከዚያ በኋላማ አንዴ መታ ሳደርገው ሽልክ!

ቆይማ፦ ሽልክ?

ሊቁ፦ ሽልክ! እንኳን ሊያስቸግረኝ፣ ስቦ ነው የወሰደው። የመሬት ልብ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ቆይማ፦ መሬት ልብ አለው?

ሊቁ፦ ካንዳንዱ ሰው ይሻላል። ከዚያ ደግሞ ጨው የሟሟበት ውሃ ሁለት ባልዲ ከሥሩ ቸለስኩበት። ደረቅ አፈር ኤሌክትሪክ አያሳልፍማ። እንዴት እንደጠጣው ብታይ! አንዲት ጠብታ ላይ አልቀረችም።

ቆይማ፦ ሁለቱንም ባልዲ?

ሊቁ፦ ሁለቱንም! በሕይወቴ እንደዚህ የተጠማ መሬት አላየሁም።

ቆይማ፦ እኔም አላየሁም።

ሊቁ፦ ምነው ፊትህ ጠቆረ? አላመንከኝም? ቆይ፣ ይኼን ምን ትለዋለህ? [ከቦርሳው ቢጫ መሣሪያ ያወጣል።] ተውሼው ነው። መሬቱ ኤሌክትሪክ አላሳልፍ ብሎ ምን ያህል እንደሚያስቸግር በቁጥር ይናገራል። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው። ከአምስት ካነሰ እሰየው ነው። [አንዱን ገመድ ዘንጉ አናት ላይ ይቆነጥጣል።] በል አንብብ። ስንት ይላል?

ቆይማ፦ አንድ።

ሊቁ፦ አንድ! አንደኛ ወጣን! እልል በል እንጂ!

ቆይማ፦ ቆይማ… ቦርሳው ውስጥ ሁለት ትናንሽ ችካሎች ቀርተዋል።

ሊቁ፦ መለዋወጫ ናቸው።

ቆይማ፦ ረጃጅም ገመድም አላቸው።

ሊቁ፦ ገመድ ያላቸው መለዋወጫዎች ናቸው! ምን አስጨነቀህ?

ቆይማ፦ እሺ። [ገመዱን ከዘንጉ ይነቅላል።] ነቀልኩት። አሁንም አንድ ይላል።

ሊቁ፦ ምን አስነክተኸው ነው?

ቆይማ፦ ምንም። አየር ነው የያዘው።

ሊቁ፦ አየሩ ጥሩ ነው ማለት ነዋ!

ቆይማ፦ አንሶላው ላይ ሳደርገውም አንድ። የእርስዎ ባርኔጣ ላይም… አንድ።

ሊቁ፦ ባርኔጣዬን ልቀቅ! ዛሬ ሁሉ ነገር አንደኛ ከሆነ ምን ላድርግ?

ቆይማ፦ [መሣሪያውን ገልብጦ ከጀርባው እየተመለከተ] እዚህም ሥዕል አለ። አንድ ብቻዋን ግራ ጥግ ላይ ከቆመች… ቆይማ ላንብበው… «ከመለካት አቅሜ በላይ ነው» ይላል።

ሊቁ፦ የምን አቅም?

ቆይማ፦ ቁጥሩ ከመብዛቱ የተነሳ ልጽፈው አልቻልኩም ማለቱ ነው። ችካሎቹም አፈር ውስጥ ተተክለው ነው የተሳሉት። አንደኛ አልወጣንም ጋሼ። ወድቀናል።

ሊቁ፦ [ቱግ ብሎ] አንተ ነህ እኔን የምታስተምረኝ? ትናንት አምፖል ስትቀይር ወንበሩን ይዤልህ! አምጣ ቁልፉን!

[ያባርረዋል። ቆይማ አንሶላዎቹ ውስጥ ይገባል። አንድ አንሶላ ብቻ ወዲህ ወዲያ ሲሮጥ ይታያል።]

ቆይማ፦ [ከአንሶላው ውስጥ] ቢገርፉኝም አልሰጥም!

ሊቁ፦ [እያለከለከ] ዘንጉ አፈር ውስጥ ነው! አንድ ሜትር ተኩል ሙሉ ገብቷል! መሬት ካልያዘ ታዲያ ምን ያዘ?

ቆይማ፦ [አንገቱን ብቻ አውጥቶ] ጋሼ፣ ጠዋት ስንመጣ ስንት ደረጃ ወጣን?

ሊቁ፦ ደረጃና ዘንግ ምን አገናኛቸው?

ቆይማ፦ እኔ ስቆጥር ሠላሳ ስምንት ነው። ማሽኑን ስምንት ሆነን ስናወጣው ደግሞ አራት ጊዜ አርፈናል። እርስዎ ከኋላ ሆነው «አይዟችሁ» ይሉን ነበር።

ሊቁ፦ እና ሠላሳ ስምንት ቢሆንስ… [ይቆማል። የአበባ መደቡን ያያል። ቀስ ብሎ ወደ ግንቡ ሄዶ ቁልቁል ይመለከታል። ከሩቅ፣ ከታች፣ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።] …ሁለተኛ ፎቅ ነን።

ቆይማ፦ ሁለተኛ ፎቅ ነን።

ሊቁ፦ አፈር አየሁ። አፈር ካለ መሬት አለ ብዬ… ታዲያ ያ ድንጋይ?

ቆይማ፦ የታችኛው ቤት ጣሪያ ነው።

ሊቁ፦ ሽልክ ያለውስ?

ቆይማ፦ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ውስጥ ሲገባ ነው። ውሃውም ደርሷል። ሁለቱም ባልዲ።

ሊቁ፦ [የአበባ መደቡ ጠርዝ ላይ ዘፍ ይላል] መቼ አወቅህ?

ቆይማ፦ ጠዋት ሽቦ ልገዛ ስወርድ በሯ ክፍት ነበር። ቀና ስል ዘንጉን ከጣሪያው ተንጠልጥሎ አየሁት። ልነግርዎ ፈልጌ ነበር። ግን የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነዎት፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስጠይቅዎ ስጠይቅዎ ራስዎ ይደርሱበታል ብዬ…

ሊቁ፦ ቁልፉን ሰጥተኸኝ ቢሆን ኖሮ… በእርጥብ እጇ… «ወንድሜ ሠርቶታል» ብላ ሳትሰጋ ትነካው ነበር። እህቴን እኮ ነው!

ቆይማ፦ ሚስቴንም ነው። ግን አልሰጠሁዎትም። [ቁልፉን አውጥቶ ያሳየውና መልሶ ይከተዋል።] ይኸውልዎ፣ እዚሁ ነው።

ሊቁ፦ አሁን ምን ይሻለናል?

ቆይማ፦ ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ደውያለሁ። ከሕንፃው ሥር ለዚሁ የተቆፈረ የመሬት ጉድጓድ አለ ብሎኛል። ሽቦውን እስከዚያ ያወርደዋል፤ ከዚያ በራሱ መሣሪያ ይለካል። ችካሎቹንም ከቦርሳ አወጣለሁ ብሏል። እሱ ደህና ነው እስኪል ማሽኑ አይነሳም። ለእሷም ዛሬ አንሶላ እጠፊ እንጂ ማሽን አትንኪ ብያታለሁ።

ሊቁ፦ ምን አለችህ?

ቆይማ፦ «ወንድሜ ሠርቶት የለ እንዴ?» አለችኝ። «ለዚህ እኮ ነው» አልኳት።

ሊቁ፦ [ይነሳል] እሺ። ጥፋቱ የኔ ነው። ቢያንስ ያንን ዘንግ ሰው ሳያየው ልንቀለው። መዶሻውን አቀብለኝ።

ቆይማ፦ ቆይማ ጋሼ። መንቀል አይቻልም።

ሊቁ፦ ደግሞ ለምን?

ቆይማ፦ ልብስ ሰፊዋ በውሃው ተቆጥታ ነበር። ዘንጉን ግን ወዳዋለች። መስቀያ አስራበት የሙሽራ ቀሚስ ሰቅላበታለች። ደንበኞቿ ዙሪያውን እየዞሩ ነው የሚያዩት። «ማነው እንዲህ ያለው ባለሙያ?» ብላም ጠይቃኛለች።

ሊቁ፦ [ባርኔጣውን እያስተካከለ] እና… ምን አልካት?

ቆይማ፦ አማቼ ነው አልኳት። አንድ ነገር ብቻ ቅር ብሏታል።

ሊቁ፦ ምኑ?

ቆይማ፦ «ከትናንት ጀምሮ ወንበር ላይ ስወጣ ስወርድ ጉልበቴ አለቀ፤ እባክህ ትንሽ ጠለቅ አድርጎ ይምታልኝ» ብላለች።