የመምህር ሞላ የባሕር ሣር

በየከተማው አንድ «ቆይ፣ ላሳይህ» ባይ አይጠፋም። ዝናብ ይምጣ፣ ምሳህ ይቀዝቅዝ፣ ሳያሳይህ አይለቅህም። ለደብረ ታቦር የደረሷት ሊቀ ባሕር መምህር ሞላ ናቸው። ባሕር ያዩት ምጽዋ ላይ ሦስት ቀን ነው፤ ያወሩት ግን አሥራ አንድ ዓመት። ከዚያ ያመጡትን የደረቀ የባሕር ሣር በዘጠኝ ጠርሙስ ከፋፍለው በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ደርድረውታል።

መከራውን የምታየው የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ዘነበች ናት። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ከጎመኗ ቅጠል ቀንጥሰው ስፒሪት ውስጥ ጨመቁና፣ በሰማያዊ መስታወት የገባ የፀሐይ ጨረር አሳረፉበት። አረንጓዴው ጭማቂ ደም መሰለ።

«ኧረ በማርያም መምህር፣ ሥራ አለብኝ!» ብትል ማን ሰምቷት!

ከዚያ ወረዳው ክፍላቸውን ለውይይት ክበብ ፈለገው። ጥቅሙን ሰኞ ለወረዳው ኃላፊ ለጓድ ሙላቴ ካላስረዱ የባሕር ሣሩ ተጠርጎ ሊጣል ነው። ዘነበች አዘነችላቸው። ክፍሉ እንዲያምር ብላ ከዘጠኙ ጠርሙሶች ሁለቱን ፈትጋ አጠበች፤ ስም የተጻፈበት ወረቀት ተላጦ ቀረ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ የነበረው ሣር አርጅቶ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቡናማ ሆኗል። ደንግጣ ጠርሙሶቹን ወደ ቦታቸው መለሰች።

ሰኞ ጓድ ሙላቴ የንብረት ዝርዝሩን ይዘው ገቡና እነዚያኑ ሁለቱን አነሱ።

«አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ ይላል፤ ቀዩ የትኛው ነው?»

መምህር ሞላ ጠርሙሶቹን አገላብጠው ስሙን ፈለጉ፤ የለም።

«ቆዩ፣ ላሳይዎ» አሉ በመጨረሻ።

መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው በሰማያዊው መስታወት ለሚገባው ጨረር ቀዳዳ ብቻ ተዉ። ሁለቱንም ሣር ወቅጠው ለየብቻ ውሃ ውስጥ በጠበጡ። አንደኛው ድፍርስ እንዳለ ቀረ። ሌላው ሰማያዊው ብርሃን ሲነካው እንደ ፍም ቦግ አለ፣ ብርቱካንማ!

«ቀዩ ይሄ ነው! ውሃ ውስጥ እንዲህ የሚያበራ ቀለም ያለው እሱ ነው። አረንጓዴው ግን ስፒሪት ይፈልጋል፤ ስፒሪት ደግሞ አልቋል።»

ዘነበች ለወንድሟ ሠርግ የገዛችውን ዳግም አረቄ ከዘንቢሏ አውጥታ አቀበለች። አረንጓዴውም በአረቄው ተበጥብጦ ደም መስሎ አበራ።

«እስቲ ይድገሙት» አሉ ጓድ ሙላቴ። ፀሐይዋ ከቀዳዳው እስክትሸሽ አስደገሙ። «ክፍሉ ይቆይ» ብለው ወጡ።

«ወረቀቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ መምህር፤ ይማሩኝ» አለች ዘነበች።

«ምን በወጣዎ እትዬ ዘነበች! እስከ ዛሬ የማውቀውን ነበር የማሳየው። ዛሬ ግን እኔም ሳላውቅ አየሁ!» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

አንጀቷን በሏት። በማግስቱ በጠዋት ገብታ የቀሩትን ሰባት ጠርሙሶች ወረቀታቸው እስኪላጥ ፈትጋ አጠበች።